የጠለፍከው ጎርፍ መጣ

ውድ ወንድሜ አብዱልሃሚድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። «ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል እንዳይመስልህ። ከሄድክ ወዲህ ሌላ ሌላ ስም ስሰጥህ ነው የከረምኩት። ፈሪ ብዬሃለሁ። ሰው አዋራጅ ብዬሃለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ዋሄን ገበያ መሀል ቆሜ «የእናቴ ልጅ አይደለም» ብያለሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ተሳድቤ ተሳድቤ ሲወጣልኝ የቀረኝ ይኸው ነው። ውድ ነህ፣ ምን ላድርግህ።

ስልክህን ዘግተሃል። አዲስ ቁጥር አውጥተህ ከሆነም ለእኔ አልሰጠኸኝም። ስለዚህ እዚህ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ሻይ ቤት የሚሠራው ሙሰዓብ ለእህቱ ሠርግ ወደ ኮቦ ስለሚሄድ፣ ይህን ወረቀት በእጅህ እንዲሰጥህ በአላህ አስምዬዋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው። ከልጅነትህ ጀምሮ ንዴት ሲመጣብህ የምትሰማው ግማሹን ብቻ ነው። ግማሹን ሰምተህ ስለሄድክ ነው እኔ ዛሬ የምጽፍልህ።

እዚህ ሀርጌሳ ስትመጣ ዳሚ ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ ፍራሽ አነጠፍኩልህ፤ ፎቅ በሚሠራበት ቦታ ብሎኬት የምትሸከምበት ሥራም አፈላልጌልህ ነበር። አንተን ጌታውን ግን እርሻ አማረህ። አዴር ዓብዲከሪም ያኔ ቲማቲማቸውን ይዘው ዋሄን እኔ መደብ ላይ ይመጡ ነበር። ድሬዳዋ ያደጉ ሰው ስለሆኑ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። አንተም እንደ ሶማሌው ልጅ «አዴር» ማለትን ተማርክ፣ አጎቴ እንደማለት ነው፤ እሳቸውም እውነትም የወንድማቸው ልጅ አደረጉህ።

መጀመሪያ ቀን ያሉህን ታስታውሳለህ?

«ልጄ፣ እኔ ጋ መጥተህ ምን ታርሳለህ? ከጉድጓድ ውኃ የምስበው በናፍጣ ነው። ከእናንተ አገር የሚመጣው ቲማቲም ያን ሁሉ መንገድ ተጭኖ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ እዚሁ ከከተማው ጫፍ ከእኔ ማሳ ከሚመጣው ይረክሳል። ሰው ገበሬ ይለኛል እንጂ እኔ የምሸጠው ናፍጣ ነው» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ፣ ከድንበር የሚመጣውን ቲማቲም የምቸረችረው እኔው ነኝና። አንተ አልሳቅክም። «ጎርፍስ የለም?» ብለህ ጠየቅካቸው። «ጎርፍማ ይመጣል። አልፎን ወደ ታች ይሄዳል» አሉህ። ፊትህ ሲበራ አየሁት። የአባታችንን ማሳ ነበር ያየኸው፣ ኮቦ ላይ ከተራራው የወረደውን ጎርፍ እየጠለፉ ማሽላ የሚያጠጡበትን።

የአዴር ልጆች እርሻውን ጠልተውታል። ትልቁ፣ ሀናድ፣ አንድ ድርጅት ውስጥ «ፕሮጀክት ኦፊሰር» ነው። ሆቴል ተቀምጦ ስለ እርሻ ወርክሾፕ ይካፈላል፣ የአባቱን ማሳ ግን ጫማዬ አቧራ ይነካዋል ብሎ አይረግጥም። ስለዚህ አዴር መሬቱን ለአንተ የእኩል ሰጡህ። የሰፈሩን ሰው ሰብስበውም «ይህ ልጅ በእኔ ጥላ ስር ነው» አሏቸው። ያቺን ቃል አንተም እኔም እንደ ደግነት ሰማናት፣ ሽማግሌ እንግዳ ሲያከብር እንደሚለው ያለ ነገር። ምን እንደምታስከፍል ያወቅሁት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው።

ሀርጌሳን ታውቃታለህ፣ በየቀኑ ፎቅ ታበቅላለች። ለፎቁ አሸዋ ያስፈልጋል፣ አሸዋው ያለው ደረቁ ወንዝ ውስጥ ነው። ገልባጭ መኪኖቹ ከማለዳ ጀምረው ይወርዳሉ። ወንዙ በተቆፈረ ቁጥር የጉድጓዳችን ውኃ አብሮ ወደ ታች ይሸሻል፣ ዳርቻው ይናዳል። ማሽላ የቆመበት መሬት ከነማሽላው ተገምሶ ሲወድቅ አብረን አይተናል። ያን ቀን ምሳህን ሳትጨርስ ተነሳህ፤ በነጋታው ዶማህንና ገጀራህን ይዘህ ወንዙ ውስጥ ገባህ።

ሥራህ ያምር ነበር፣ ይህን ሳልነግርህ ነው የሄድከው። እሾሃማውን ግራር እየቆረጥክ፣ በድንጋይና በአሸዋ እየጫንክ፣ ወንዙን እስከ ግማሹ የሚሻገር ክትር ሠራህ። ከክትሩ እስከ ማሳው ቦይ ቀደድክ። ወላሂ አባታችን ተነስቶ የመጣ መሰለኝ። አንድ ነገር ግን ረሳህ። አባታችን ጎርፍ ከመጥለፉ በፊት ከላይ ካለውም ከታች ካለውም ሰው ጋር ይነጋገር ነበር። አንተ ወንዙ ደረቅ ስለሆነ ባለቤት የሌለው መሰለህ። የሹፌሮቹ መንገድ መሆኑን በዓይንህ እያየህ።

የገልባጭ ሹፌሩ ጉሌድ መጀመሪያ የመጣው በሰላም ነበር። ግመሎቻቸው በድርቁ ካለቁ ወዲህ እናቱን ዳሀቦን ይዞ ከተማ የገባ ጎልማሳ ነው፤ ያቺ የሚነዳት ገልባጭም የእሱ አይደለችም፣ የሰው መኪና ነው የሚነዳው። ከመኪናው ወርዶ «ወንድም፣ መንገዴን ክፈትልኝ» አለህ።

«መንገድ አይደለም፣ ወንዝ ነው» አልከው በዚያ በተሰበረ ሶማልኛህ።

«ውኃው የታል ታዲያ?»

«ይመጣል።»

ጉሌድ ወደ ሰማይ አየና ሳቀ። ሰማዩ ላይ እውነትም ምንም አልነበረም። የሳቀብህን ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላህ።

ነገሩ የሆነበትን ቀን ካንተ በላይ እኔ ነኝ የማስታውሰው፣ አንተ ዓይንህ ደም ለብሶ ነበር። ምሳህን ይዤ ስደርስ ገልባጮቹ ተሰልፈው ክትሩን በጎማ እየደፈጠጡት ነው። አንተ የፊተኛውን መኪና መስታወት በዶማ ስታፈርሰው ድምፁ እስከ ማሳው ተሰማ። ጉሌድ የጎማ መፍቻውን ብረት ይዞ ወረደ። ትከሻህን ሲመታህ አጥንትህ ሲጮህ ሰማሁ። ወደቅክ። ሁለት ሆነው በጫማ አፍህን፣ ሆድህን፣ ጀርባህን ረገጡህ። ትሪውን ወርውሬ የአንዱን ክንድ በጥርሴ ያዝኩ፤ በክርኑ አፍንጫዬን ሲለኝ ደሜ በአፌ ገባ፣ አልለቀቅኩትም። ጉሌድ ብረቱን ወደ ራስህ አነሳው። ለዚያ እኔ ምስክር ነኝ፣ ወደ ራስህ ነበር። ከግራሩ ቅርንጫፍ ስር ገጀራህን ስታወጣም አየሁ።

እጁ ብረቱን እንደጨበጠ አሸዋው ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልመታም። ጉሌድ የወደቀውን እጁን የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው ቆሞ አየው። ቀጥሎ ነው የጮኸው። ያ ጩኸት ዛሬም ሽንኩርት ስከትፍ፣ ውኃ ስቀዳ፣ በማንኛውም ሰዓት ይመጣብኛል።

አዴር ዓብዲከሪም እየሮጡ ደረሱ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ራሳቸው ላይ ያለውን ጨርቅ ፈትተው የጉሌድን ክንድ ከቁስሉ በላይ አሰሩት፣ መኪናቸው ላይ አስተኙት። ከመሄዳቸው በፊት ወደ አንተ ዞረው «እዚሁ ጠብቀኝ፣ የትም እንዳትንቀሳቀስ» አሉህ። ራስህን ነቀነቅክ። ፊትህን የማጥብልህ ውኃ ላመጣ ወደ ጉድጓዱ ሄጄ ስመለስ የለህም። እግሬ አውጪኝ ብለህ ጠፍተሃል።

ለምን እንደሄድክ ገብቶኛል። እኛ አገር ደም ያፈሰሰ ሰው ከፊት ይሸሻል። የተጎዳው ወገን ደሙ እስኪበርድ ከአካባቢው ይርቃል፣ ሽማግሌ ገብቶ ሲያስታርቅ ይመለሳል። መራቁ ራሱ አክብሮት ነው። አንተ ወግ ጠብቀህ ነው የሄድከው። እዚህ ግን ወጉ ሌላ ነው አብዱ። እዚህ በሰው ጥላ ስር ያለ እንግዳ ደም ሲያፈስ ተጠያቂው ባለ ጥላው ነው፤ እንግዳው ከባለ ጥላው ጎን ቆሞ «አድርጌዋለሁ» ማለት አለበት። ከሸሸ ግን ባለ ጥላውን ራቁቱን አስቀረው ማለት ነው። አዴር ሆስፒታል በር ላይ ለጉሌድ ዘመዶች «ልጁ በእጄ ነው፣ የትም አይሄድም» ብለው ምለው ነበር። ምለው ሲመለሱ ያገኙት እኔን ነው፣ የውኃውን ጆግ እንደያዝኩ።

ሄደው ሳይደፈጠጥ በቀረው የክትሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልንገርህ፣ ሸሽተህ ያመለጥከውን። የጉሌድ ዘመዶች የጉድጓዱን ፓምፕ በጠራራ ፀሐይ አቃጠሉት፤ የራሳችንን ናፍጣ አርከፍክፈውበት። አዴር በአፈር ሊያጠፉ ሲሞክሩ የጉሌድ አጎት አፋቸውን በዱላ አላቸው። የፊት ጥርሳቸው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ወደቀ፤ ኪሳቸው ከተው አፈር መዛቃቸውን ቀጠሉ። ማታውን የእሳቸው ወንድሞች ልጆች ጠመንጃ ይዘው ተሰበሰቡ። ወደ ሰማይ እየተኮሱ «ዛሬ ነው» ሲሉ አዴር በደም የተነከረ አፋቸውን ይዘው የግቢያቸው በር ላይ ተጋደሙ። «የሚወጣ በእኔ ላይ ተራምዶ ይውጣ» አሉ። ማን ይራመድባቸዋል። እየተሳደቡ ተመለሱ።

የእኔ ተራም ደረሰ። የጉሌድ የአጎት ልጅ ኸድራ ሴቶች አስከትላ ዋሄን መጣች። መደቤን ገለበጡት፣ ቲማቲሜን ረገጡት፣ ሻሼን ከራሴ ላይ ነጠቁኝ። ሰው ፊት ራሴን ስታራቁተኝ ነገር ዓለሙ ዞረብኝ። የሚዛኑን ብረት አንስቼ ግንባሯን አልኳት። ስትወድቅ ላይዋ ላይ ወጣሁ፤ ብረቱን ደግሜ አነሳሁት፣ የገበያው ተሸካሚዎች እጄን ባይዙት ኖሮ ልደግማት ነበር። ላስደነግጣት አልነበረም፣ ልገድላት ነበር። ሰው መግደል ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ የዚያን ቀን አየሁ፤ አንተንም የዚያን ቀን ነው የተረዳሁህ። ይቅር አልኩህ ግን አላልኩም።

ሽማግሌዎቹ ከከተማው ውጭ ከትልቁ ግራር ስር ተሰበሰቡ። ሴት እዚያ አትቀመጥም፤ እኔ ራቅ ብዬ የአዴር መኪና ጥላ ስር ሆኜ ሰማሁ። አንዱ ሽማግሌ «የቆረጠው ሰው የታል?» ብለው ጠየቁ።

«በጥላዬ ስር ነው» አሉ አዴር።

«አምጣው።»

«አልችልም።»

ሽማግሌው «በጥላህ ስር ያለ ሰው ሳይነግርህ ከሄደ፣ ዓብዲከሪም፣ ጥላ ነበረህ ወይ?» አሏቸው። አዴር አንገታቸውን ሲደፉ የማላውቀው ሰው መሰሉኝ። ሰውየው ስላልቆመ መሬቱ ይቁምለት ተባለ፤ ከግራሩ አጥር እስከ ወንዙ ዳር ያለው ማሳ፣ ክትሩና ቦይህ ጭምር፣ ለጉሌድ እጅ ካሣ ተሰጠ። ለአዴር የቀረላቸው ከላይ ያለው ድንጋያማው ነው።

በመኪና ስንመለስ እንዲህ አሉኝ፦ «ኡምሰልማ፣ ወንድምሽ ኖሮ ‹መትቻለሁ፣ ተመትቼም ነበር› ቢል ይበቃ ነበር። የተሰበረ ትከሻውን ያዩለት ነበር። ደሙን በደም አቻችለው፣ ካሣውን ከወገኔ ጋር ተካፍለን እንከፍል ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ።» ጥርሳቸው ስለሌለ ቃሉ በከፊል ይፈስባቸው ነበር። እኔ መስኮቱን አየሁ እንጂ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

የጉሌድ አጎት ጊዜ አላጠፋም። ማሳውን ለአሸዋ ሊያስዝቀው ሎደር ይዞ መጣ። ማሽላህ ገና ጉልበት ላይ ደርሶ ጠውልጎ ቆሞ ነበር። እኔ የቀረውን ቲማቲም ለመልቀም እዚያ ነበርኩ። የጉሌድ እናት ዳሀቦ አጥሩ ስር ተቀምጠዋል፣ ጉሌድም ባዶ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፎ ከጎናቸው ቆሟል። ከተጎዳ በኋላ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቀና ብዬ ማየት አልደፈርኩም። ሎደሩ የማሳውን ጠርዝ ሲገምሰው ግን ቻይነቴ አለቀ። ድንጋይ አንስቼ መስታወቱን አልኩት። ሹፌሩ የኛው አገር ልጅ አይደል፣ ኪዱ የሚሉት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል፣ ሥራዬ ነው» አለኝ በአማርኛ።

«የገበሬ ልጅ አይደለህም?» አልኩት።

«ነኝ። ለዛ ነው ሎደር የምነዳው» አለኝ።

ሁለተኛ ድንጋይ ሳነሳ የጉሌድ አጎት ከኋላዬ ደርሶ ጎኔን በእርግጫ አለኝ፤ እስትንፋሴ ተቆረጠ። መሬት ላይ ሆኜ ረገጠኝ፣ ደገመኝ። ዳሀቦ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ጆሮዬን መሬት ላይ እንዳደረግሁ ነው ድምፁን የሰማሁት። መጀመሪያ ገልባጭ መሰለኝ። እኛ ጋ አንድ ጠብታ አልወደቀም፤ ዝናቡ የዘነበው ሩቅ ከላይ ነው። ኮቦ ያደገ ሰው ያን ድምፅ አይስተውም። «ጎርፍ ነው፣ ውጡ» ብዬ ጮህኩ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሁሉም።

ኪዱ ሎደሩን ወደ ኋላ እየመለሰ ወደ ወንዙ ወርዶ ነበር። ውኃው ቀይ ግድግዳ ሆኖ መጣ፣ ግንድና የሞተ ፍየል ተሸክሞ። ሎደሩን በጎኑ አንስቶ ጣለው። ኪዱ በመስኮት ወጥቶ የክትርህን ግራር አቅፎ ያዘ፣ እሾሁ እጁን እየበሳው። አጎትየው ወደ ላይ ሮጧል። ወደ ታች የሮጠው ጉሌድ ነው። እኔም ጎኔን ይዤ ተከተልኩት። ሻሼን ፈትቼ ወረወርኩለት፣ ኪዱ ያዘው። ጉሌድ ጫፉን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ተረከዙን አሸዋው ውስጥ ተከለ፣ እኔም ከኋላው ያዝኩ። ጎተትነው። ጨርቁ ሲተረተር ጉሌድ በቀረችው እጁ የኪዱን አንገትጌ ያዘ። ሦስታችንም ቦዩ አፍ ላይ ተዘርግተን ወደቅን፣ ጭቃ እየተፋን።

ያኔ ነው ውኃው በጎናችን ሲሄድ ያየሁት። ክትሩ መሀሉ ላይ ተበጥሷል፤ ጫፉ ግን ይዟል፣ ግማሹን ጎርፍ ወደ ቦይህ መልሶታል። እንዳሰብከው በቦዩ ገብቶ፣ ማሳው ላይ ተዘርግቶ፣ ማሽላው እግር ስር ዝም ብሎ ተኛ። መሬቱ ሲጠጣ ድምፅ ነበረው። ጭቃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አንተ ልታየው ይገባህ ነበር፤ አንተን ስላጣሁህ ነው ያለቀስኩት እንጂ ስለ ውኃው አልነበረም።

ዳሀቦ ቀስ ብለው ወረዱ። ልጃቸውን ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ማሳው ዞሩ። እኚህ ሴት በድርቁ ጊዜ ግመሎቻቸው አንድ በአንድ ሲወድቁ ያዩ ናቸው፤ ውኃ ሲያልፍ እንጂ ሲቀመጥ አይተው አያውቁም።

«ይህን ማን ቆፈረው?» አሉኝ።

ልዋሽ ፈለግሁ። ከዚያ ያ አንድ ቃል ትዝ አለኝ፣ አዴር ፈልገው ያጡት።

«የልጅዎን እጅ የቆረጠው ሰው» አልኳቸው። «ወንድሜ ነው።»

በጥፊ አጮሉኝ። ከዚያ ደግመው መቱኝ፣ በዚያች በደረቀች እጃቸው፣ እስኪደክማቸው። አልተከላከልኩም። ሲደክማቸው ጭቃው ላይ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ትንፋሻችን እስኪመለስ ሁለታችንም ውኃውን አየን።

በሳምንቱ ወንድማቸውን፣ የጉሌድን አጎት፣ አስጠርተው ሎደር ወደ ማሳው ዳግም እንዳይመጣ ነገሩት። ደነፋ፣ እብድ አላቸው። «አሸዋው አንዴ ይሸጣል፣ ከዚያ ልጄ ምን ይዞ ይኖራል? አንድ እጅ ያለው ሹፌር ማን ይቀጥራል?» አሉት። መሬቱ የጉሌድ ነው፣ አጎቱ ምንም ማድረግ አልቻለም። እኔን ደግሞ አስጠርተው «ይህን ነገር ማሠራት ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አውቃለሁ፣ የአባቴ ሥራ ነው» አልኳቸው። ስለ ደሞዝም ስለ እኩልም አላወራንም፣ በማግስቱ ዶማ ይዤ ሄድኩ።

ማሽላው አሁን ከራሴ በላይ ነው፣ ገብቼ ስቆም አልታይም። ከላይም ከታችም ያሉ ገበሬዎች እየመጡ ቦዩን ያያሉ። ጎርፍ ሲመጣ ከማን በኋላ ማን እንደሚጠጣ መነጋገር ጀምረዋል፤ ሹፌሮቹም ሌላ መውረጃ ይሰጠን እያሉ ከእነሱ ጋር ይቀመጣሉ። አሁንም ይጣላሉ፣ ባለፈው አንዱ በአንዱ ላይ ጩቤ መዞ ነበር። ግን ይቀመጣሉ። ሀናድ ሳይቀር መጣ፣ ስልኩን አውጥቶ ለወርክሾፑ ፎቶ ሊያነሳ። አካፋ ሰጠሁት። ጫማውን አውልቆ እስከ ማታ ዛቀ፤ በነጋታው ግን አልመጣም።

ኑሮው ቀንቶናል ብዬ አልዋሽህም። ፓምፕ የለም። ቲማቲሙ አሁንም ከድንበር ይመጣል፣ አሁንም ይረክሳል። የሚቀጥለው ጎርፍ ሲመጣ ክትሩ እንደተበጠሰ ከጠበቀው ደግሞ ማሳውን ራሱን ይዞ ይሄዳል። የክትሩን መሀል መግጠም እኔ አልቻልኩበትም፣ ያን ጊዜ አባታችን ለአንተ ነው ያሳየህ፤ ለእኔ ምሳ የማምጣቱ ሥራ ነበር የተሰጠኝ። አዴር ከዚያች ድንጋያማ መሬታቸው በየቀኑ ወደ እኛ ይወርዳሉ። ስምህን አንስተው አያውቁም። ገበሬዎቹ ሲማከሩ ግን ወደ ዳር ነው የሚቀመጡት፣ ድሮ መሀል ይቀመጡ የነበሩት ሰው። ሽማግሌዎቹ «ልጁ መጥቶ ከጎንህ ቆሞ ከተናገረ ቃልህ ይመለሳል» ብለዋቸዋል። መሬቱ አይመለስም፤ የሚመለሰው በሰው መሀል ቃላቸው መሰማቱ ነው።

ጉሌድን ጠየቅሁት። ግራር እየጎተትን ነበር።

«ወንድሜ ቢመጣ ምን ታደርገዋለህ?»

«አላውቅም» አለኝ። «ይምጣና ፊቴ ይቁም። ያኔ አውቃለሁ።»

እንግዲህ ይህ ነው ያለኝ። አይነካህም ብዬ አልምልልህም፣ በውሸት ልጠራህ አልፈልግም። ገጀራህ አሁንም አዴር ቤት ነው፣ ደሙን አላጠቡትም። የእሳቸውን ጥርስ፣ የእኔን ጎን፣ የጉሌድን እጅ ስታይ የምትለው ይጠፋህ ይሆናል። ዝም ብለህ «አድርጌዋለሁ» በል። ከተመታህም አትሽሽ፣ እኔም ሳልሸሽ ተመትቻለሁ። በቀን ና፣ በዋናው መንገድ ና፣ እጅህን ባዶ አድርገህ ና። መጀመሪያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አዴር ቤት ሂድ።

ትናንት እኔና ጉሌድ የክትሩን ዋና ግንድ ልናነሳ ሞከርን። እሱ በትከሻው ገፋ፣ እኔ ከስር ያዝኩ፣ ጎኔ ሲወጋኝ ለቀቅኩት። ደግመን ሞከርን። ከዚያ ግንዱ ላይ ተቀመጥን፣ እሱ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ። ሁለታችን አንድ ላይ ሦስት እጅ ነው ያለን፣ አብዱ፤ ግንዱ አልነሳ አለን።

እህትህ ኡምሰልማ
ሀርጌሳ፣ ከክትሩ ዳር